ረቡዕ ረቡዕ የሚወርዱ ሥዕሎች

እናቴ ሰገነት መድረክ ላይ ወጥታ ማይክሮፎኑን በሁለት እጇ ይዛ ወንድሜ መናገሩን ለጉባኤው ስትመሰክር እኔ ስምንት ዓመቴ ነበር፤ ወንድሜ ኤልናታን ደግሞ አራት። እሱ በዚያ ሰዓት ከአባቴ እግር ሥር ምንጣፉ ላይ በደረቱ ተኝቶ የወንበሩን ብሎን በጣቱ ያዞር ነበር።

“አራት ዓመት ሙሉ ከልጄ አፍ አንድ ቃል ሰምቼ አላውቅም” አለች። “እናንተ ጾማችሁ፣ ጸለያችሁ። ሐሙስ ዕለት ጥርሱን ሳጥበው ቀና ብሎ አየኝና ‘እማ’ አለኝ። ክብሩን ጌታ ይውሰድ!”

አዳራሹ በእልልታ ተናጋ። ኤልናታን ጆሮዎቹን በመዳፎቹ ደፈነ። የጸሎት ቡድኑ መሪ እትዬ ጸሐይወርቅ ከፊት ወንበር ተነስተው እናቴን አቀፏት፤ መጋቢ ክብሮም ደግሞ “አሜን በሉ! አልሰማሁም፣ አሜን በሉ!” እያሉ ወዲያ ወዲህ ተንጎራደዱ። አዳራሹ ሮተርዳም ደቡብ ያለ የሆላንዶች ቤተ ክርስቲያን ነው፤ እነሱ ጠዋት ይጨርሱና እኛ እሁድ ከሰዓት እንከራየው ነበር። ሁልጊዜ ዝናብ የነካው ካፖርት ይሸታል።

እኔ ወዲያው አመንኩ። ቅር ያለኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ለእኔ ለምን አልነገረኝም?

ከዚያ ቀን ጀምሮ ኤልናታንን እከታተለው ጀመር። አሁን ዴን ሃግ ከተማ ውስጥ የትንንሽ ልጆች የመስማት ችሎታ በሚመረመርበት ክሊኒክ እሠራለሁ፤ የሥራዬ ግማሹ ልጁ ያደረገውን እኔ ካሰብኩት ለይቶ መጻፍ ነው። ያኔ ግን ሁለቱ አንድ ይመስሉኝ ነበር። ብስኩት ይዤ ፊቱ ቁጭ እልና “‘ረሆቦት’ በል” እለዋለሁ፤ ስሜን ማለት ነው። እሱ የእጄን አንጓ ይዞ እጄን ከነብስኩቱ ወደ አፉ ይወስደዋል፣ ልክ የእኔ እጅ ማንኪያ እንደሆነ። ድምፅ ነበረው፤ ሲደሰት እንደ ፍሪጅ ሞተር ያጉመተምታል። ቃል ግን አላወጣም። ስለዚህ የሚያወራው ለእናቴ ብቻ ነው፣ ያውም እኔ በሌለሁበት ነው ብዬ ደመደምኩ። ትንሽ ቆይቶ ሌላ ሐሳብ መጣልኝ። ጠዋት ጠዋት እናቴ ትምህርት ቤት ታደርሰዋለች፤ ትምህርት ቤቱ የሆላንዶች ነው፤ እንግዲያው ቃሉን የሚያጠራቅመው ለደች ቋንቋ ነው።

“ማሚ፣ ኤልናታን ትምህርት ቤት ደች ነው የሚያወራው?”

እናቴ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። “ደህና ነው እዚያ” አለች። “አንቺ ካልሲሽን ልበሺ።”

ትምህርት ቤቱ ኦቲዝም ላለባቸው ልጆች የተከፈተ ነበር። ልጆቹን ከየበራቸው የሚወስድ ነጭ ሚኒባስ አለው። ከምስክርነቱ በኋላ እናቴ ሹፌሩን ከገበያ ማዕከሉ ጀርባ፣ ብስክሌት የሚቆምበት ቦታ እንዲጠብቃት ለመነችው። ምክንያቱም እትዬ ጸሐይወርቅ የሚኖሩት ሆግቭሊት ሰፈር ውስጥ በእኛው ሕንፃ አንደኛ ፎቅ ላይ ነው፤ የወጥ ቤታቸው መስኮት በቀጥታ መግቢያውን ያያል። እኔ በቦዩ ዳር ዞረው የሚሄዱት ኤልናታን ዳክዬ ስለሚወድ ይመስለኝ ነበር። እርግጥ ነው ዳክዬ ይወዳል።

በእኛ ጉባኤ ምስክርነት አንዴ ከተነገረ የተናጋሪው ብቻ አይደለም። የጾሙት፣ የጸለዩት፣ እልል ያሉት ሁሉ ድርሻ አላቸው። “ሕመሙ ተመልሶብኛል” ያለ ሰው አላውቅም። ኤልናታን በልዩ ትምህርት ቤት ሚኒባስ ሲሳፈር ከታየ እናቴ በእግዚአብሔር ስም ዋሽታለች ማለት ነው። ይህን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። በልጅነቴ ያወቅሁት የሥዕሎቹን ነገር ነበር፤ እሱንም ተሳስቼ።

በዚያው ሰሞን የወጥ ቤታችን ግድግዳ ላይ በፕላስቲክ የተለበጡ ትንንሽ ሥዕሎች ተደረደሩ፤ ጫማ፣ ዳቦ፣ የጥርስ ብሩሽ፣ ነጭ መኪና፣ አልጋ። ኤልናታን ጠዋት ከእንቅልፉ ሲነሳ ቀጥታ ወደ እነሱ ይሄዳል። ፊታቸው ይቆማል። አንዱን ነገር ሲጨርስ ሥዕሉን ቀጭ አድርጎ ነቅሎ ሣጥን ውስጥ ይጥለዋል። የሚፈልገው ነገር ሲኖር ደግሞ ሥዕሉን አምጥቶ እናቴ እጅ ላይ ያስቀምጣል። መኪና ሳይኖረን የመኪና ሥዕል ለምን እንደተለጠፈ አልገባኝም። ረቡዕ ረቡዕ የጸሎት ቡድኑ ቤታችን ከመምጣቱ በፊት ግን እናቴ ሁሉንም ነቅላ ከምድጃው በታች ያለው መሳቢያ ውስጥ ትከታቸዋለች።

ለምን እንደምትደብቃቸው በደንብ የማውቅ መስሎኝ ነበር። የእሁድ ትምህርት አስተማሪያችን ኤዶም ስለ ጣዖት አስተምራን ነበር፤ ሰዎች ሥዕል ፊት ቆመው፣ ዳስሰው፣ ስመው፣ ሥዕሉ የሚሰማቸው ይመስላቸዋል ብላን ነበር። አምስተርዳም ኖርድ የምትኖረው የእናቴ እህት የምሥራች ኦርቶዶክስ ናት፤ ሳሎኗ ውስጥ የተሰቀሉ ሥዕሎች አሏት፣ እናቴና እሷ በዚሁ ጉዳይ ስልክ እስከ መዘጋጋት ደርሰዋል። ኤልናታን ሥዕሎቹ ፊት ይቆማል። ይዳስሳቸዋል። የዳቦውን ሥዕል አንዴ ከንፈሩ ላይ ሲያደርገው በዓይኔ አይቻለሁ። ሲወሰዱበት መሬት ላይ ወድቆ ይጮኻል። ማስረጃው ሁሉ ገጠመልኝ፤ ወንድሜ ጣዖት ያመልካል፣ እናቴም ከሰው እየሸሸገችለት ነው።

ከረቡዕዎቹ አንዱ በደንብ ይታወሰኛል። እትዬ ጸሐይወርቅ ከሌሎቹ ቀድመው መጡ። ሊፍቱ ተበላሽቶ ስለነበር ድምፃቸው ከእሳቸው በፊት በደረጃው ወጣ።

“ሰገነት! ይኼ ሊፍት መቼ ነው ከሞት የሚነሳው?”

“እርስዎ ይጸልዩለታ፣ እትዬ!”

“ለብረት ጸልዬ አላውቅም። ጉልበቴ ግን ሊያስጀምረኝ ነው።”

ገብተው በሩ ላይ ተደግፈው ሲያለከልኩ አዘንኩላቸው። “ለምን ቁጭ አትዪም?” አልኳቸው።

“‘አትዪም’? እትዬን ነው?” እናቴ ዓይኗን አፈጠጠችብኝ።

“ተያት” አሉ እትዬ። “የሆላንድ ልጅ ናት። ንግሥቲቱንም ብታገኛት አንቺ ነው የምትላት።”

ሴቶቹ ሁሉ መጥተው መዝሙር ሲጀመር ኤልናታን ወጥ ቤት ገባ። ግድግዳው ባዶ ነው። ሥዕሎቹ ይጣበቁባት የነበረችውን ሻካራ ጥብጣብ ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣቱ ዳሰሳት። ደግሞ ዳሰሳት። ከዚያ ወደቀና ግንባሩን ከወለሉ ጋር ያጋጨው ጀመር። እናቴ ሮጣ መዳፏን በግንባሩና በወለሉ መካከል አስገባች፤ እሱ የእሷን እጅ እየመታ ቀጠለ።

“ጠላት ነው” አሉ እትዬ ጸሐይወርቅ፣ እጃቸውን እየዘረጉ። “የተሰጠውን ሊነጥቅ ነው። ጸልዩ!” ጸሎቱ ሲበረታ ጩኸቱ በረታ። እትዬ ጎንበስ አሉ። “ኤልናታንዬ፣ ‘እማ’ በል እስቲ የኔ ጌታ። ለእኔም አሰማኝ።”

“ደክሞት ነው፣ እትዬ” አለች እናቴ። “ዛሬ ቀን ላይ ብዙ አወራ።”

ያን ስሰማ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ብዙ አውርቶ ነበር፤ እኔ ግን አልሰማሁም።

ሴቶቹ ሲሄዱ አባቴ ብዙነህ ከፐርኒስ መጣ። እዚያ የነዳጅ ታንክ ያጥባል፤ ታጥቦም የብረትና የሳሙና ሽታ አይለቀውም። የእናቴን እጅ ጀርባ አየው፤ አብጦ ነበር። እኔን ወደ መኝታ ቤት ላኩኝና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። በሩ ግን ቀጭን ነበር።

“አስተማሪዋ ምን አለችሽ?”

“ታውቀዋለህ።”

“አንቺ ንገሪኝ።”

“ቤት ውስጥ ካልቀጠልንበት የጀመረውን ይተወዋል አለች። አንድ ቀን ኖሮ አንድ ቀን የሚጠፋ ከሆነ እንደገና እጁን ዘርግቶ ምንም አይጠይቅም አለች።”

“ታዲያ ለጥፊውና እዚያው ይቆይ!”

“እትዬ ምን ይሉኛል? ጉባኤው ምን ይለኛል? ዋሽታለች አይሉም?”

“ዋሽተሻል?”

“በጆሮዬ ነው የሰማሁት፣ ብዙነህ።”

“የወጣሽው አንቺ ነሽ” አለ አባቴ። “እኔ ላወርድሽ አልችልም።”

እኔ ስለ ደረጃው የሚጣሉ መሰለኝ። ሊፍቱ ከተበላሸ ወዲህ እናቴ ከሥራ ስትመለስ በራችን አጠገብ ያለው የመጨረሻው ደረጃ ላይ ካፖርቷን ሳታወልቅ ቁጭ ትል ነበር፤ በቁልፉ ቀዳዳ አያታለሁ። መውጣቱ አድክሟት ነው ብዬ ነበር። ዛሬ ሳስበው፣ በምትሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ ቀኑን ሙሉ ሰው ስታነሳ፣ ሰው ስታጥብ ትውላለች፤ በሩን ከከፈተች በኋላም ያው ነው። ማንም የማይጠራት እዚያች ደረጃ ላይ ብቻ ነበር።

ፋሲካ ሲቃረብ እትዬ ጸሐይወርቅ የልጆቹን ዝግጅት ይዘው መጡ። እያንዳንዱ ልጅ ጥቅስ ተሰጥቶታል። “ኤልናታን መጨረሻ ላይ ይወጣና ‘ተነሥቷል’ ይበል” አሉ።

“እትዬ፣ ገና ነው እኮ...”

“አንድ ቃል ናት፣ ሰገነት! ሰው ሁሉ ‘መቼ ነው የምንሰማው’ እያለ እየጠየቀኝ ነው። የጸለየ ሰው የጸለየበትን ቢሰማ ምን አለበት?”

እናቴ እሺ አለች። ከዚያ በኋላ የመዘምራን ልምምድ መሄድ ተወች። ቀሚሶቿ ከትከሻዋ ላይ ይንሸራተቱ ጀመር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከመታጠቢያ ቤቱ ድምፅ ሰምቼ አጮለቅሁ። ኤልናታን የመጸዳጃው ክዳን ላይ ተቀምጧል፤ እሷ ፊቱ ተንበርክካ የራሷን ከንፈር ትገጥምና ትከፍታለች። “አንዴ ብቻ” አለችው። “ለእኔ ይቅርብኝ። ለእነሱ አንዴ ብቻ።” እሱ ከትከሻዋ በላይ የሻወሩን ጠብታ ያያል። እኔ ‘ምን ዓይነት ግትር ልጅ ነው’ ብዬ ተናደድኩበት።

በፋሲካ እሁድ አዳራሹ ሞልቶ ነበር። እኛ ልጆቹ ነጭ ለብሰን ተሰልፈናል፤ ኤልናታን የሰልፉ ጫፍ ላይ፣ እጁ በእኔ እጅ ውስጥ። ተራው ሲደርስ ማይክሮፎኑ ጮኸ። እጁን ነጥቆኝ ጆሮዎቹን ደፈነና መድረኩ ላይ ተኛ። እትዬ ጸሐይወርቅ ተንበርክከው ማይክሮፎኑን ወደ አፉ አስጠጉ። “በል የኔ ልጅ፣ ‘ተነሥቷል’።” ሰዎች ከየወንበሩ ተነስተው እጃቸውን ዘረጉ፤ ጸሎቱ እንደ ዝናብ ወረደ። አንድ ሰው መዳፉን አናቱ ላይ ጫነ። ኤልናታን የገዛ ክንዱን ነከሰ፤ ነጩ እጅጌ ቀላ።

አባቴ ከወንበሩ ሲነሳ እናቴ ደርሳለች። በአናቱ ላይ ያለውን እጅ አነሳችና ካፖርቷን አውልቃ ልጇን ከነራሱ ሸፈነችው። ከዚያ ማይክሮፎኑን ከእትዬ ጸሐይወርቅ እጅ ወሰደች።

“ምስክርነቴን ልመልስ ነው” አለች።

ጸሎቱ በአንድ ጊዜ አልቆመም፤ ከፊት ወደ ኋላ እየቀነሰ ሄደ።

“ያን ሐሙስ ድምፅ ሰምቻለሁ። ‘እማ’ መሰለኝ፤ ስለፈለግሁት ይሆናል። ከዚያ ወዲህ አልሰማሁም። ልጄ አይናገርም። ልዩ ትምህርት ቤት ነው የሚሄደው። የሚግባባው በሥዕል ነው፤ ሥዕሎቹን ረቡዕ ረቡዕ ከእናንተ እደብቃለሁ፣ እሱ ራሱን ከወለል ጋር ያጋጫል። ደከመኝ።” ካፖርቱን በልጇ ላይ አስተካከለች። “አሜን” አለች፣ ከልማድ ይመስለኛል።

በጉባኤያችን ለሁሉ ነገር መልስ አለ፤ ለታመመ፣ ለወለደ፣ የመኖሪያ ወረቀት ለተከለከለ። ለዚህ አልነበረንም። እናቴ ከቦርሳዋ የነጩን መኪና ሥዕል አውጥታ ካፖርቱ ሥር አስገባች። ጥቂት ቆይቶ ኤልናታን ሥዕሉን ይዞ ብቅ አለ፤ ተነሳና ቀጥታ ወደ በሩ ተራመደ። እናቴና አባቴ ተከተሉት። እኔም።

እኔ የገባኝ ይህ ነበር፤ እናቴ በእግዚአብሔር ቤት ጣዖት አወጣች፣ ይባስ ብላ የወንድሜን ንግግር ለእግዚአብሔር መለሰችለት። የተመለሰ ስጦታ ደግሞ ይወሰዳል። ኤልናታን ከዚያ በኋላ ሳይናገር በቀረ ቁጥር ጥፋቱ የእሷ ነው ብዬ ለዓመታት አምኜ ኖሬያለሁ።

በቅርቡ ስለዚያ ሐሙስ ጠየቅኋት። “ሰምቼዋለሁ” አለችኝ። “አሁንም ይሰማኛል።” አምናታለሁ። የጥርስ ብሩሽ ከአፉ ሲወጣ ከንፈሩን ገጥሞ፣ ከዚያ በትንፋሽ የሚከፍት ልጅ እንዲህ ያለ ድምፅ ያወጣል። ድምፁ ነበረ፤ ጆሮዋም ደህና ነበር።

ከፋሲካ በኋላ ሚኒባሱ በራችን ድረስ መምጣት ጀመረ። ሥዕሎቹ ከግድግዳው አልወረዱም፤ ረቡዕ የሚመጣ እንግዳ አልነበረም። ኤልናታን ግንባሩ ላይ የነበረው እብጠት ጠፋ። እናቴ ቤተ ክርስቲያን መሄድ አቆመች፤ እኔና አባቴ ብቻችንን ሄደን ጥግ እንቀመጥ ነበር። ሰላም ይሉናል፣ አይቆዩም። የእትዬ ጸሐይወርቅ የወጥ ቤት መጋረጃ ጠዋት ጠዋት ተዘግቶ ይቆያል።

አንድ ረቡዕ ግን በሩ ተንኳኳ። እትዬ ጸሐይወርቅ ብቻቸውን ነበሩ፣ ላብ ግንባራቸው ላይ።

“ታስገቢኛለሽ፣ ሰገነት፣ ወይስ እዚሁ ደረጃው ላይ ልጸልይ?”

እናቴ ገለል አለችላቸው። ወጥ ቤቱ ግድግዳ ፊት ቆመው ለረጅም ጊዜ አዩ።

“ይኼ ነው የደበቅሽን?”

“ይኼው ነው።”

“እኔ ደግሞ ምን የሚያህል ነገር መሰለኝ።” ወንበር ስበው ተቀመጡ። “ተቀይሜሻለሁ፤ እወቂው። በራሴ ግን ይብሳል። ቤቴ ከታች ነው። ሲጮህ እሰማለሁ። እየሰማሁ ተፈውሷል እያልኩ ለሰው አወራለሁ። አንቺስ እናት ነሽ፣ ጓግተሽ ነው። እኔ ምን ነክቶኝ ነው?”

እናቴ አጠገባቸው ተቀምጣ አለቀሰች። እሳቸው ጀርባዋን አሻሹላት፤ ሳይጸልዩ ሰው ሲያጽናኑ ያየኋቸው ያኔ ነው። ቀጥሎ እኔን ጠሩኝና ሥዕሎቹን አንድ በአንድ እንዳስረዳቸው ጠየቁኝ። ጣዖት ማስረዳት ኃጢአት ይሁን አይሁን እያመነታሁ ነገርኳቸው።

“የእኔስ የታለ?” አሉ ስጨርስ።

“የእርስዎ ምን?” አለች እናቴ።

“ልጁ ዳቦው እንደሚመጣ ያውቃል። ጫማው እንደሚመጣ ያውቃል። እኔ ግን እንደ ፖሊስ ድንገት ነው የምደርስበት። ፎቶ አንሺኝ።”

ከዚያ ወዲህ ረቡዕ ረቡዕ የእትዬ ጸሐይወርቅ ፎቶ በዳቦውና በአልጋው መካከል ይለጠፍ ነበር። ኤልናታን ፎቶውን ያያል፣ እሳቸውን ያያል፣ ይተዋቸዋል። አንድ ቀን ጸሎታቸው ረዘመ። አፍሪካን ጨርሰው እስያን ጀምረው ነበር። ኤልናታን ከወጥ ቤት ወጣ፤ ፎቶውን የእትዬ መዳፍ ላይ አስቀመጠና ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ አጠፈባቸው። ከዚያ የውጭውን በር ከፍቶ እጀታውን ይዞ ቆመ።

“ይቅርታ፣ እትዬ...” አለች እናቴ።

“ዝም በይ! ምን እያለኝ ነው?”

“‘በቃ፣ ሂጂ’ ነው የሚለዎት።”

“እኔን?”

“እርስዎን።”

እትዬ ጸሐይወርቅ ነጠላቸውን አነሱ። ሲወርዱ ሳቃቸው እስከ አንደኛ ፎቅ ድረስ ይሰማን ነበር። ከታች ሆነው ጮኹ፤ “ሰገነት! እሁድ ነይ! ስመሰክር ካልሰማሽ ደግሞ እኔ ነኝ የምቀየምሽ!”

እናቴ መጣች። በሩ አጠገብ፣ የመጨረሻው ረድፍ ላይ ከእኛ ጋር ተቀመጠች፤ ኤልናታን እግሯ ሥር። እትዬ ጸሐይወርቅ መድረኩ ላይ ወጥተው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

“ረቡዕ ዕለት ኤልናታን አናገረኝ” አሉ።

አንድም ሰው እልል አላለም። ሁሉም ወደ እናቴ ዞረ።

“‘ሂጂ’ አለኝ። ጸሎቴ ረዝሞበት። መጋቢ ስንት ዓመት ሊሉኝ ፈልገው ያቃታቸውን እሱ በአንድ ቀን አለኝ።”

መጀመሪያ የሳቀው አባቴ ነው። ከዚያ አዳራሹ በሙሉ ሳቀ፤ መጋቢ ክብሮም ፊታቸውን በመጽሐፍ ቅዱሳቸው ሸፈኑ። እኔ ግን ተንገበገብኩ። ቤት ውስጥ ነበርኩ፤ በዓይኔ አይቻለሁ። የአባቴን እጅጌ ጎተትኩ። “ውሸት ነው! አፉን እንኳ አልከፈተም!”

“አውቃለሁ” አለ አባቴ፣ ዓይኑን እየጠረገ።

አፉን አለመክፈቱ ትክክል ነበር። ከዚያ ሁሉ ወራት ክትትሌ ዛሬ የምፈርምበት እሱ ብቻ ነው።

እትዬ ጸሐይወርቅ ከመድረኩ ወርደው በወንበሮቹ መካከል ቀጥታ ወደ እኛ መጡ። እናቴ ፊት ቆሙና ሁሉም እየሰማ ጠየቋት።

“በይ ንገሪኝ። እውነት ነው የተናገርኩት ወይስ ልመልሰው?”

“እውነት ነው፣ እትዬ” አለች እናቴ። “እኔንማ በየቀኑ ነው የሚለኝ።”